ፉሪ አሊን ይዘርረዋል? ዘመን ተሻግሮ ቦክሰኛን ማወዳደር የሚቻለው እስከ የት ነው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ አለ። እነሱ መሐመድ አሊ የምንጊዜም ምርጥ ነው ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። የዛሬዎቹ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች 2 ሜትር ቁመትና 120 ኪሎ ክብደት ያላቸው ናቸው። አሊ መቶ ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። በሁሉም ስፖርት ሪከርድ እየተሻሻለ ቦክስ ብቻውን ወደ ኋላ ሊሄድ አይችልም። ታይሰን ፉሪ አሊንም ሆነ ጆ ፍሬዘርን በጥቂት ዙር ይዘርራቸዋል ባይ ነኝ። ከድሮዎቹ የምቀበለው ማርሲያኖን ብቻ ነው። 49 ተጫውቶ 49 አሸንፏል። ማናችን ነን ትክክል?»

ክብደት ለውጥ ያመጣል፤ እዚህ ላይ ልክ ነህ። የተሳሳትከው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣና የት ሲደርስ ጥቅሙ እንደሚያልቅ ነው። ማርሲያኖን ለብቻው ያስቀደምክበት ምክንያትም አያስኬድም። ጓደኞችህ ደግሞ መልሱን አግኝተውታል፤ ምክንያቱን ግን ያስረዱህ አልመሰለኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከምድቡ እንጀምር። ከባድ ሚዛን ጣሪያ የለውም፤ ያለው ወለል ብቻ ነው። ወለሉ ደግሞ ባለበት አልቆየም። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከ79.4 ኪሎ ያለፈ ቦክሰኛ ሁሉ ከባድ ሚዛን ነበር። ክሩዘር ሚዛን የሚባለው ምድብ ከዚያ በኋላ ነው የተጨመረው። የክሩዘር ጣሪያ ዛሬ 90.7 ኪሎ ነው። እንግዲህ የድሮዎቹን በዚህ መዝናቸው። ሮኪ ማርሲያኖ ሻምፒዮን በነበረባቸው ከ1952 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት 85 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ቁመቱም 1.80 አይሞላም። ጃክ ዴምፕሲ በ1919 ጄስ ዊላርድን ሲያሸንፍ እሱም 85 ኪሎ ነበር። ጆ ሉዊስ በ1938 ማክስ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር ሲጨርሰው 90 ኪሎ ነበር። ሦስቱም ዛሬ ቢኖሩ የሚጫወቱት ክሩዘር ሚዛን ውስጥ ነው።

ስለዚህ ማርሲያኖን ከፉሪ ጋር ማፋለም ከመነሻው የተበላሸ ክርክር ነው። የዛሬ አሰልጣኝ 85 ኪሎ ልጁን 120 ኪሎ ሰው ፊት አያቆምም። እኔም አላቆምም። ይህ ማለት ግን ማርሲያኖ ያንሳል ማለት አይደለም። ሁለት የተለያዩ ምድቦችን አንድ ስም ስለያዙ ብቻ ስናጋጥማቸው እንደኖርን ይወቅ ነው የምለው።

አሊ ከእነዚህ ይለያል። ቁመቱ 1.91 ሜትር፣ የእጁ ዝርጋታ 198 ሳንቲ ሜትር ነበር። በ1966 ክሊቭላንድ ዊሊያምስን ሲዘርር 96 ኪሎ ተኩል፣ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ሲጥል 98 ኪሎ መዝኗል። አሁን ኦሌክሳንደር ኡሲክን ተመልከት። ቁመቱ 1.91፣ ዝርጋታው 198። በ2019 ወደ ከባድ ሚዛን ሲገባ 97 ኪሎ ተኩል ነበር። በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ፉሪን ሲገጥም 101 ኪሎ ገደማ ሆኖ ነው ሪንግ የወጣው፤ ፉሪ 119 ነበር። ኡሲክ በነጥብ አሸነፈ። በታኅሣሥ ወር እንደገና ሲገናኙ ፉሪ 127 ኪሎ ሆኖ መጣ። ኡሲክ አሁንም አሸነፈ፤ በዚህኛው ሦስቱም ዳኞች ለእሱ ሰጡ። ከዚያ በፊት 1.98 የሆነውን አንቶኒ ጆሹዋን ሁለት ጊዜ ረትቷል። ዳንኤል ዱቧን በ2023 አሸነፈው፣ በ2025 ዌምብሌይ ላይ ደግሞ በአምስተኛው ዙር ዘረረው።

ይህን ልብ በል። «የዛሬዎቹ» ከምትላቸው ግዙፎች ዋና ዋናዎቹን ያሸነፋቸው ሰው የአሊ ቁመትና የአሊ ክንድ ያለው ሰው ነው። በክብደትም የሚለያዩት በጥቂት ኪሎ ነው። «አሊ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አይችልም» የሚለው መከራከሪያ በ2024 በሁለት ምሽት ፈርሷል።

ግዙፍ ቦክሰኛም ትናንት የመጣ አይደለም። ዊላርድ 1.98 ሜትርና 111 ኪሎ ነበር፤ ዴምፕሲ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ መሬት አስነክቶታል። ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ 118 ኪሎ ነበር፤ ጆ ሉዊስ በ1935 በ89 ኪሎ በስድስተኛው ዙር ጨረሰው። በ1942 በዲ ቤር ሁለት ሜትር ገደማ ሆኖ፣ 113 ኪሎ ይዞ ሉዊስ ፊት ቆመ። አንድ ዙር አልሞላም። ወደ እኛ ዘመን ቅረብ ካልከኝ ኒኮላይ ቫሉዬቭ አለልህ፤ 2.13 ሜትርና 143 ኪሎ። በ2007 1.85 የሆነው ሩስላን ቻጋዬቭ አሸነፈው። በ2009 ደግሞ ከክሩዘር የመጣው ዴቪድ ሄይ፣ 99 ኪሎ ይዞ ቀበቶውን ወሰደበት። በመካከሉ 46 ዓመት የሞላው ኢቫንደር ሆሊፊልድ ቫሉዬቭን ገጥሞ ለጥቂት ነው የተሸነፈው።

እንዲያውም ስለ ፉሪ ራሱ እናውራ። በ2013 ኒው ዮርክ ላይ ስቲቭ ከኒንግሃም በሁለተኛው ዙር ጥሎታል። ከኒንግሃም የቀድሞ የክሩዘር ሻምፒዮን ነው፤ የዚያን ቀን 95 ኪሎ ነበር። ፉሪ ተነስቶ በሰባተኛው ዙር አሸነፈ፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2018 ዲዮንታይ ዋይልደር ሁለት ጊዜ ሲጥለው ክብደቱ ከአሊ የኪንሻሳ ክብደት በታች ነበር፤ 96 ኪሎ። ከ95 እስከ 98 ኪሎ ያለ ሰው ፉሪን ሊጎዳው ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በግምት የሚመለስ አይደለም። ሁለት ጊዜ ታይቷል።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። አንድ ከባድ ሚዛን 95፣ 100 ኪሎ አካባቢ ከደረሰና ማንንም ሊያደነዝዝ የሚችል ምት ካለው፣ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ክብደት የሚጠቅመው ባለቤቱ እግሩንና እጁን ማዘዝ ከቻለ ብቻ ነው። ካልቻለ ሸክም ነው። ካርኔራና ቫሉዬቭ ሸክሙን የተሸከሙ ናቸው። ሌኖክስ ሉዊስ፣ ቭላድሚር ክሊችኮና ራሱ ፉሪ ግን የተጠቀሙበት ናቸው። እውነተኛው አዲስ ነገር ይህ ነው፤ ግዙፍነቱ ሳይሆን ግዙፍ ሆኖ መሠልጠኑ። ሌኖክስ ሉዊስንና ቭላድሚርን ዲትሮይት የነበረው ኢማኑዌል ስቱዋርድ ሁለቱንም አሠልጥኗቸዋል። ያስተማራቸው ነገር በጣም ቀላል ይመስላል። በረጅሙ ግራ እጅ ጃብ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ በሚሰነዘር ፈጣን ምት፣ ርቀቱን ያዝ። ቀኝህን ተራው ሲደርስ ብቻ ልቀቅ። ሰውየው ከገባብህ እቀፈውና ክብደትህን ጫንበት።

ያ የመጨረሻው ነገር በቴሌቪዥን አይታይም፤ ሪንግ ውስጥ ግን ይገድላል። 120 ኪሎ ሰው አንገትህ ላይ ተደግፎ ሠላሳ ሰከንድ ከቆየ እግርህ ይከዳሃል። ፉሪ በየካቲት 2020 ዋይልደርን ያደከመው በቡጢ ብቻ እንዳይመስልህ። በእያንዳንዱ መተቃቀፍ ላይ ተኝቶበት ነበር። ለዚህ ነው ጆ ፍሬዘርን በተመለከተ ካንተ ጋር የምስማማው። ፍሬዘር 1.82 ሜትር ነበር፤ በ1971 አሊን ሲያሸንፍ 93 ኪሎ መዝኗል። ሥራው ሁሉ ዝቅ ብሎ መግባትና በግራ ሁክ (ክንድን አጥፎ ከጎን በሚሰነዘር ምት) መጨረስ ነው። ፎርማን በ1973 ኪንግስተን ላይ እየገፋ፣ በአፐርከት (ከታች ወደ ላይ በሚሰነዘር ምት) እያነሳ በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጥሎታል። ፉሪም ያንኑ መግፋትና መደገፍ ያውቅበታል። እንደ ፎርማን በሁለት ዙር ይጨርሰዋል አልልም፤ ፍሬዘር ግን የሚያሸንፍበት መንገድ አይታየኝም።

«ሪከርድ ሁሉ ይሻሻላል» ወዳልከው ልምጣ። አንድ ምሳሌ ከራሳችን ልስጥህ። አሊ፣ ያኔ ገና ካሲየስ ክሌይ የሚባለው፣ በ1960 ሮም ላይ በቀላል ከባድ ሚዛን ወርቅ ሲወስድ አበበ ቢቂላም እዚያው ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፏል። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ያ የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበር። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣለች። ሰዓቷ ከአበበ ይሻላል። በዚህ ምክንያት አበበ ደካማ ሯጭ ነበር የሚል ሰው ግን አላየሁም። ጫማው ተለውጧል፣ ሥልጠናው ተለውጧል፣ አመጋገቡ ተለውጧል።

ይህ ሩጫ ነው፤ ቢያንስ ሰዓት አለው። ቦክስ ሰዓት የለውም። የሚለካው ፊትህ በቆመው ሰው ነው። የሰው ልጅ በጫማና በምግብ ይፈጥን ይሆናል። ጡጫን አይቶ ጭንቅላትን በአራት ጣት ስፋት ማሸሽ ግን የሚገኘው በመደጋገም ነው። ድግግሞሹ ደግሞ ቀንሷል። ጆ ሉዊስ በ1941 ብቻ ቀበቶውን ሰባት ጊዜ አስጠብቋል። አሊ በ1966 አምስት ጊዜ። ኡሲክ ከ2021 እስከ 2023 በዓመት አንድ አንድ ጊዜ ነው የተጫወተው። ፉሪ በኅዳር 2015 ክሊችኮን አሸንፎ ቀበቶዎቹን ከወሰደ በኋላ እስከ ሰኔ 2018 ድረስ አንድም ፍልሚያ አላደረገም። ጉልበትና ጡንቻ በጂም ይገነባል። እሳት ውስጥ ሆኖ የማሰብ ልምድ ግን የሚገነባው በፍልሚያ ነው። እዚህ ላይ ድሮዎቹ ይበልጣሉ ብል የናፍቆት ወሬ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያነሳው ነገር ልግባ፤ የዙር ብዛት። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የሻምፒዮና ፍልሚያ 15 ዙር ነበር። በኅዳር 1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንሲኒ ጋር ተፋልሞ ከቀናት በኋላ ሞተ። ከዚያ ነው ቀበቶ የሚሰጡት የቦክስ ማኅበራት አንድ በአንድ ወደ 12 ዙር ያወረዱት። ጥሩ አደረጉ፤ 15 ዙር ይመለስ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ግን ይህ ለውጥ ታሪኩን ምን እንደሚያደርገው ተመልከት።

በ1952 ማርሲያኖ ጀርሲ ጆ ዎልኮትን የገጠመ ጊዜ፣ 12ኛው ዙር ሲያልቅ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ ተበልጦ ነበር። በ13ኛው ዙር በአንድ ቀኝ እጅ ዘረረውና ሻምፒዮን ሆነ። በዛሬ ሕግ ቢሆን ያንን ምሽት ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። 49 ለዜሮ የሚባለው ቁጥር አይኖርም ነበር። በ1941 ቢሊ ኮን ከቀላል ከባድ ሚዛን ወጥቶ ጆ ሉዊስን ገጠመ። ከ12 ዙር በኋላ ሁለት ዳኞች ኮንን አስቀድመዋል፤ ሦስተኛው እኩል አድርጓቸዋል። ሉዊስ በ13ኛው ዙር ዘረረው። በ12 ዙር ሕግ ቢሆን ሉዊስ ቀበቶውን ያጣ ነበር። 25 ጊዜ ማስጠበቁን ሁሉም ይጠቅሳል፤ ቁጥሩ ግን በዚያች ሌሊት ሊቆም ይችል ነበር። ማኒላ ላይም አሊ ፍሬዘርን ያሸነፈው 14ኛው ዙር ሲያልቅ ነው።

ስለዚህ የድሮ ሰው ከዛሬ ሰው ጋር ይጋጠም ስትል መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ በስንት ዙር የሚለውን ነው። 15 ዙር ከሆነ 127 ኪሎ ይዞ ሪንግ የሚወጣ ሰው አይኖርም። ፉሪ ራሱ ክብደቱን ይቀንስ ነበር፣ ወይም ከ12ኛው በኋላ ይንጠፈጠፍ ነበር። የዛሬው ግዙፍነት በከፊል የአጭር ዙር ውጤት ነው የምለው ለዚህ ነው። 12 ዙር ከሆነ ደግሞ ማርሲያኖን የመሰለ ዘግይቶ የሚያሸንፍ ሰው ግማሽ መሣሪያውን ያጣል። ጓንቱም ቢሆን ተለውጧል። ዛሬ የከባድ ሚዛን ጓንት 10 አውንስ ነው፤ ድሮ ከዚያ ያነሰ ጓንት የተለመደ ነበር።

49 ለዜሮን ካነሳን አንዴ እንጨርሰው። ያለመሸነፍ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። ቫሉዬቭም በቻጋዬቭ እስኪሸነፍ ድረስ ሽንፈት የሌለው ነበር። ዋይልደርም በፉሪ እስኪዘረር ድረስ አንድ አቻ እንጂ ሽንፈት አልነበረውም። ላሪ ሆልምስ 48 ለዜሮ ደርሶ በ1985 በማይክል ስፒንክስ ተሸነፈ። ከሆልምስ ወይ ከማርሲያኖ ማን ይበልጣል ብትለኝ ሳላመነታ ሆልምስ እልሃለሁ። ማርሲያኖ ጆ ሉዊስን ሲያሸንፍ ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ጊዜው አልፎበታል። ዎልኮት 38 ነበር። ማርሲያኖን የምወድለት በ1954 ሁለት ጊዜ ከኤዛርድ ቻርልስ ጋር ባደረገው ፍልሚያ ነው። በሁለተኛው አፍንጫው ለሁለት ተከፍሎ ነው ያሸነፈው። ያንን ልብ ማንም ሊነሳው አይችልም። ነገር ግን ልብ ያለው የ85 ኪሎ ሰው ነበር፤ እዚያ ላይ እንቆማለን።

ተጋጣሚዎቹም ከየት ይመጡ እንደነበር መታየት አለበት። ይህ ሁለቱንም ወገን ይነካል። ከድሮው እንነሳ። ጃክ ጆንሰን በ1915 ሃቫና ላይ ቀበቶውን ካጣ በኋላ ጆ ሉዊስ በ1937 እስኪያሸንፍ ድረስ ሌላ ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን አልታየም። የችሎታ እጥረት አልነበረም፤ በሩ ተዘግቶ ነው። ሳም ላንግፎርድ ለከባድ ሚዛን የዓለም ቀበቶ ሳይወዳደር ዘመኑ አለፈ። ሃሪ ዊልስ ዴምፕሲን ለዓመታት ሲጠብቅ ኖሮ አልተገናኙም። ስለዚህ የ1920ዎቹን ሻምፒዮን «የዓለም ምርጥ» ስትለው ግማሹ ዓለም ከውድድሩ ውጪ እንደነበር አትርሳ። እኔ ዴምፕሲን ከፍ አድርጌ የማልደረድረው በዋናነት በዚህ ነው።

በአሊ ዘመን ደግሞ ሌላ በር ተዘግቶ ነበር። የኩባና የሶቪየት ኅብረት ቦክሰኞች ፕሮፌሽናል መሆን አይችሉም ነበር። ኩባዊው ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን በ1972፣ በ1976ና በ1980 ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዶ አንድም የፕሮፌሽናል ፍልሚያ አላደረገም። ዩክሬናውያኑ ክሊችኮዎቹና ኡሲክ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ቀድመው ተወልደው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የምናውቀው በኦሊምፒክ ብቻ ነበር። በዚህ በኩል የዛሬው ሜዳ ሰፍቷል። ይህን ነጥብ ለጓደኞችህ ንገራቸው፤ ላንተ የሚያግዝህ ከኪሎው ይልቅ ይሄ ነው።

የዛሬው ሜዳ ቢሰፋም ታዲያ ምርጦቹ ይሸሻሻሉ። አራት ቀበቶ አለ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ቀበቶ ይዞ መክበር ይችላል። ሌኖክስ ሉዊስ በ1999 ቀበቶዎቹን አንድ ላይ ከሰበሰበ ወዲህ ኡሲክ በ2024 እስኪመጣ ድረስ 25 ዓመት አንድ ወጥ ሻምፒዮን አልነበረም። ጆሹዋና ዋይልደር ሁለቱም ሳይሸነፉ፣ ሁለቱም ቀበቶ ይዘው ለዓመታት ቆይተው ያኔ አልተገናኙም። ሪዲክ ቦ በ1992 ሌኖክስ ሉዊስን ከሚገጥም ብሎ ቀበቶውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለ። በአንጻሩ የአሊን ዘመን እየው። አሊ፣ ፍሬዘር፣ ፎርማን፣ ኬን ኖርተን ተጋጥመዋል፤ አሊ ከፍሬዘር ጋር ሦስት፣ ከኖርተን ጋር ሦስት ጊዜ። ኖርተን በ1973 መንጋጋውን ሰብሮ አሸንፎታል። አሊን አሊ ያደረገው ይህ ነው። የገጠማቸው ሰዎች ባይኖሩ አንደበቱ ብቻውን እዚህ አያደርሰውም ነበር።

ስትከራከር ልትጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሁለት ደቂቃ የዝረራ ቅንጭብ አይተህ አትፍረድ። በቅንጭብ ሁሉም አንበሳ ነው። የ1910ዎቹን ፊልም አይተህም «ይሄ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው» አትበል። ያኔ ካሜራው በሰከንድ የሚያነሳው ምስል ከዛሬው ያንስ ነበር፤ ፍጥነቱ ሳይስተካከል ሲታይ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት ይንቀጠቀጣሉ። በኮምፒውተር የሚሠራ የምናብ ፍልሚያ ደግሞ ጭራሽ አትመን። ይህ ቀልድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። በ1967 አንድ የኮምፒውተር የሬዲዮ ውድድር አሊ በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ አለ። አሊ ተናዶ ከሰሰ። ከዚያ እሱና ማርሲያኖ ተከፍሏቸው ካሜራ ፊት ተፋለሙ፤ መጨረሻው ኮምፒውተር ወስኖታል ተብሎ በ1970 ታየ። አሜሪካ በታየው ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ያሸንፋል። ማርሲያኖ በነሐሴ 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ስለነበር ውጤቱን አላየውም። ኮምፒውተሩ ያወጣው ሰዎቹ ያስገቡለትን ግምት ነው። ዛሬ በስልክህ ላይ ያለው የቦክስ ጌምም ከዚህ አይሻልም።

ማይክ ታይሰንና ሌኖክስ ሉዊስን በተመለከተም ተመሳሳይ ስህተት ይሠራል። በ2002 ሜምፊስ ላይ ሉዊስ በስምንተኛው ዙር ስለዘረረው ጉዳዩ ተዘግቷል የሚሉ አሉ። ያኔ የነበረው ማይክ ታይሰን በ1988 ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የጨረሰው ልጅ አልነበረም። የትኛው ምሽት ላይ የነበረውን ሰው እንደምታወዳድር ካልወሰንክ ማወዳደር አልጀመርክም።

እኔ የምጠቀምበት መንገድ ይሄ ነው። «ማን ይበረታል» አልልም፤ «ይህን ሰው ምን ዓይነት ተጋጣሚ ያስቸግረዋል» እላለሁ። ጆ ሉዊስን ግዙፍ ሰው አያስቸግረውም፤ ካርኔራንና ቤርን አይተናል። ያስቸገሩት ኮንና ዎልኮት ናቸው፤ የሚንቀሳቀሱ፣ የማይቆሙ። ስለዚህ ለሉዊስ ከፉሪ ይልቅ ኡሲክ ይከብደዋል። ታይሰንን ያስቸገረው ጃብ ያለው፣ ረጅምና የማይፈራ ሰው ነው፤ በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ አሳይቶናል። ስለዚህ ምርጡ ሌኖክስ ሉዊስ ምርጡን ታይሰን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ካለፈ ያሸንፈዋል። ቭላድሚር ክሊችኮን የሚያስቸግረው ፊቱ ላይ የሚገባና አገጩን የሚያገኝ ነው፤ ኮሪ ሳንደርስ በ2003፣ ላሞን ብሩስተር በ2004 አግኝተውታል። የ1973ቱ ፎርማንም ያገኘዋል እላለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄህ። አሊን ያስቸገረው ምንድነው? የግራ ሁክና ያለማቋረጥ እየገፋ የሚመጣ ሰው። ሄንሪ ኩፐር በ1963 በግራ ሁክ ጥሎታል፤ ፍሬዘር በ1971 በ15ኛው ዙር ጥሎታል። አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይሸሻል፤ ሆድ ላይ መምታት አይወድም። እነዚህ እውነተኛ ጉድለቶች ናቸው፤ አፍቃሪዎቹ ይደብቋቸዋል። ፉሪ ግን የፍሬዘር ሁክ የለውም። ፉሪ ያለው ርዝመት፣ ጃብ፣ ማታለልና መደገፍ ነው። ረጅም ሰው ለአሊ አዲስ አልነበረም፤ በ1967 1.98 የሆነውን ኧርኒ ተሬልን 15 ዙር ሙሉ ተጫውቶበታል። መተቃቀፉንም ከማንም በላይ ያውቅበት ነበር፤ ፎርማንን አንገቱን ይዞ ሲያዳክመው ኪንሻሳ ላይ ታያለህ።

እንግዲህ የ1966ቱን አሊና ምርጡን ፉሪ በ12 ዙር ብታገናኛቸው አሊ በነጥብ ያሸንፋል ነው የምለው። በሰፊ ልዩነት አይሆንም። ፉሪ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዙሮች ሦስቱን ወይ አራቱን ሊወስድ ይችላል። አሊ ከኡሲክ የሚያንሰው ሆድ ላይ ባለመምታቱና ግራኝ ባለመሆኑ ነው፤ የሚበልጠው በፍጥነት ነው። በጥቂት ዙር ይዘረራል ያልከው ግን ከየት እንደመጣ አልገባኝም። አሊን በ61 ፕሮፌሽናል ፍልሚያ ማንም ዘርሮ እስከ አሥር አላስቆጠረበትም። በ1980 ከሆልምስ ጋር፣ 38 ዓመቱ ላይ ሆኖ ፍልሚያውን ያቆመው የራሱ ጥግ፣ ማለትም አሠልጣኙ ነው።

ደረጃ አውጣ ካልከኝ አሊን አንደኛ፣ ጆ ሉዊስን ሁለተኛ አደርጋለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ፎርማን፣ ሆልምስና ሌኖክስ ሉዊስ አሉ፤ እርስ በርስ ለማስቀደም ሰዓት ሙሉ ልከራከር እችላለሁ። ከዛሬዎቹ ከእነሱ ጎን የማስቀምጠው ኡሲክን ብቻ ነው። በክሩዘር ሁሉንም ቀበቶ ሰብስቦ፣ ወደ ከባድ ሚዛን ወጥቶ እዚያም ሁሉንም ሰብስቧል። ፉሪ ትልቅ ቦክሰኛ ነው፤ ግን በዘመኑ ምርጥ የሆነውን ሰው ሁለት ጊዜ ገጥሞ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል። ከአሊ በላይ ለማስቀመጥ መጀመሪያ ከኡሲክ በላይ መሆን ነበረበት።

ከጓደኞችህ ጋር ክርክሩን ከመቀጠላችሁ በፊት የዙሩን ብዛትና የየትኛው ዓመት ሰው እንደሆነ ተስማሙ፤ ከክሩዘር ጣሪያ በታች የነበሩትንም ለብቻ አድርጓቸው። ከዚያ ሙሉ ፍልሚያ ተመልከቱ። የ1978ቱን የሆልምስና የኖርተን 15 ዙር እዩ፤ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያለ ከባድ ሚዛን 15ኛው ዙር ላይ ምን እንደሚመስል ይገባችኋል። የ2003ቱን የሌኖክስ ሉዊስና የቪታሊ ክሊችኮ ፍልሚያ እዩ፤ ግዙፍ ሰዎች ከባድ ምት ሲለዋወጡ ያ ነው፤ ስድስት ዙር ብቻ ነው የዘለቀው። ከዚያ አሊ ከዊሊያምስ ጋር ያደረገውን ሦስት ዙር እዩና እግሩን ብቻ ተከታተሉ፤ ወደ ኋላ እየሄደ ሲመታ ያላችሁበት ቦታ ላይ አስቁሙት። መጨረሻ ላይ የኡሲክና የፉሪን የመጀመሪያ ፍልሚያ ከስምንተኛው ዙር ጀምራችሁ ክፈቱ። በዘጠነኛው ዙር ፉሪ ከገመድ ገመድ ሲንከራተት ዳኛው ገብቶ ይቆጥርበታል። ኡሲክ እዚያ ለመድረስ እግሩን የት የት እንዳደረገ እዩት።